አንባቢንና መጽሐፍን የሚያገናኝ ባለሙያ ይኑር

የፈተና ሰሞን በየዩኒቨርሲቲው የቤተ መጻሕፍት ወንበር ገና ጎሕ ሲቀድ ይያዛል። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ግዴታ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ወንበሩ የሚፈለግበት ምክንያት አንድ ጨምሯል። ይሁን እንጂ ወንበር ያገኘው ተማሪ ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋው ብዙውን ጊዜ ከመደርደሪያ ያወጣውን መጽሐፍ ሳይሆን የራሱን ሃንዳውት ወይም በቴሌግራም የደረሰውን ሶፍት ኮፒ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለእርሱ መብራትና ጸጥታ ነው። ስድስትም ስምንትም ሆኖ በአንድ ዶርም ለሚያድር ወጣት ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ቤተ መጻሕፍት በዚህ ብቻ ከተወሰነ ከማንኛውም አዳራሽ በምን ይለያል? በ2004 ዓ.ም የተቋቋመው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በከተማዋ ያለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍታቸውን በወንበርና በመጽሐፍ ብዛት ሳይሆን ባለሙያዎቹ ለተማሪውና ለመምህሩ በሚሰጡት እገዛ እንዲመዝኑ እንጠይቃለን።

ይህ አስተሳሰብ ደብረ ታቦር ለምትገኝበት ለደቡብ ጎንደር እንግዳ አይደለም። ድጓ የሚያስመሰክር ደቀ መዝሙር ጋይንት ቤተልሔም የሚወርደው መጽሐፉ ሌላ ቦታ ስለሌለ አይደለም፤ ዜማውን አርሞ የሚያቀናለት መምህር እዚያ ስላለ ነው። በዘመናዊው ትምህርትም ነገሩ ያው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው ሂናሪ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የግብርናው አቻው አጎራ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድ የሚሸጡ የምርምር መጽሔቶችን እንደ ኢትዮጵያ ላሉ ሀገሮች ተቋማት በነጻ ከፍተዋል። መግቢያው የሚሰጠው ግን ለተቋም ነው። የይለፍ ቃሉ አንድ ቢሮ ውስጥ ከተቀመጠ፣ መምህሩም መኖሩን ካልሰማ፣ በነጻ የተሰጠው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ስለ ፋርጣ ድንች በሽታ የሚያጠና መምህር በሌላ ሀገር የተሠራውን ሳያይ ከዜሮ ይጀምራል፤ የጤና ተማሪም ጊዜው ባለፈበት መጽሐፍ ይመረቃል። ባለሙያው በየትምህርት ክፍሉ እየዞረ ቢያሳይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጀምር ተማሪ አንድ ሰዓት ሰጥቶ ፍለጋ ቢያስተምር፣ ለመምህሩ የጠየቀውን ጽሑፍ ፈልጎ ቢያደርስለት ወጪው ትንሽ ነው።

ከፍለጋ እገዛ ቀጥሎ ሁለተኛው አገልግሎት የአካባቢውን እውቀት መሰብሰብ ነው። ይህን በደብረ ታቦር አጠገብ ካለው ከጋፋት በላይ ሊያስተምረን የሚችል ቦታ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚህ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን ባለ እጆች መድፍ መሥራትን የተማሩት እየሞከሩና እየከሸፈባቸው ነበር። በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ በ1860 ዓ.ም ተራራና ገደል አቋርጦ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ባለ እጆቹ ግን አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ሙያውም አብሯቸው ሄደ። ንጉሡ በዋናነት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ካኖሯቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገብተው አሁን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ያን ጊዜ የተወሰደብን በጦር ነው። አሁን ግን በእጃችን ያለውን በቸልታ ብናጠፋ የምንወቅሰው ሌላ ሰው አይኖርም። ስለ ጉና ተራራ፣ ስለ ርብና ጉማራ ተፋሰስ፣ ስለ ጋፋት ራሱ የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ተጠርዘው ቁምሳጥን ውስጥ ከተቆለፈባቸው ለቀጣዩ ተማሪ እንዳልተጻፉ ናቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ቤተ መጻሕፍቱ ነው።

«ሁሉም በስልክ ይገኛል፤ ቤተ መጻሕፍት ጊዜው አልፎበታል» የሚሉ አሉ። ከፊል እውነት አላቸው፤ ስልክ ለብዙ ተማሪ መጽሐፍ አቅርቦለታል። ሆኖም በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን ማን ይረሳል? በዚያው ወቅት፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመትቶ በዲጂታል ያነሳቸው የብራና መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ከድረ ገጹ ጠፍተው ነበር። ሀብታሙ ተቋም እንኳ እንዲህ ከሆነ እኛ መረጃችንን በአንድ ገመድ ላይ ማንጠልጠል አንችልም። ዋና ዋና መጻሕፍትና የአካባቢው ጥናቶች በግቢው ሰርቨር ተጭነው ያለ ኢንተርኔት ይከፈቱ፤ የታተመው ቅጂም አይጣል። በዚያ ላይ በቴሌግራም የሚዘዋወረው ሶፍት ኮፒ የትኛው እትም እንደሆነ፣ ገጽ እንደጎደለው የሚነግር የለም። ያንን መለየት የሚያስተምረው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ነው።

የበጀት ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው። የውጭ መጽሐፍ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ክልሉም በጸጥታ ችግር ውስጥ ነው፤ ይህን አንክድም። እኛ የምንለው ግን አብዛኛው ግዢ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰውና ሥልጣን ነው። ባለሙያውን መታወቂያ ተቀብሎ መጽሐፍ ከሚያወጣ ጠባቂነት አውጥቶ የመማር ማስተማሩ አካል ማድረግ የአመራር ውሳኔ ነው። መጽሐፍ ይጠፋል ተብሎ በሪዘርቭ ስም የሚቆለፈውም ቢሆን ለጥቂት ሰዓት ወጥቶ ቢመለስ ይሻላል። መጽሐፍ መጥፋቱ ጉዳት ነው፤ ሳይነበብ አርጅቶ መወገዱ ግን የባሰ ጉዳት ነው።

ስለዚህ የሁለቱ ተቋማት ሴኔትና የአካዳሚክ ኮሚሽን ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ሲያቅዱ የባለሙያ ሥልጠናን፣ በየትምህርት ክፍሉ የሚሰጥ የፍለጋ ትምህርትን፣ የመመረቂያ ጽሑፎችን ማሰባሰብን ከቤተ መጻሕፍቱ ዕቅድ አናት ላይ ያስቀምጡ። መምህራንም የራሳችሁን ጥናት አንድ ቅጂ ዛሬውኑ ለቤተ መጻሕፍታችሁ አስረክቡ።