አሥር ሰከንድ የማይሞላው ቅኔ

ለማን እንደሚጽፍ ፈጽሞ የማያውቅ ጸሐፊ በጨለማ ቤት እንደሚናገር ሰው ነው። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ወዳጅ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን ጉግል አናሊቲክስን ተጠቅሞ ጎብኚዎቹን ቢቆጥር አልነቅፈውም። ቁጥሮቹን በ2016 ዳታ ስቱዲዮ ተብሎ ከወጣውና በ2022 ሉከር ስቱዲዮ ከተሰኘው የግራፍ መሥሪያ ጋር ቢያገናኝም እንዲሁ። የምሟገተው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ፍርድ ነው።

ማገናኘቱ ከባድ ሥራ አይደለም። በግራፍ መሥሪያው ውስጥ አዲስ የመረጃ ምንጭ ይከፈታል፤ ከተዘረዘሩት ማገናኛዎች አናሊቲክስ ይመረጣል፤ ፈቃድ ይሰጣል፤ የድረ ገጹ መዝገብ ይለያል። ከዚያም በአንድ ወገን ቀን፣ አገርና የገጽ ርእስ፣ በሌላው ወገን የጎብኚ ብዛትና የቆይታ ጊዜ ይቀርባሉ። አንዱን ከአንዱ ማጋጠም ብቻ ነው፤ ዓምዱ ይቆማል፣ መስመሩ ይወጣል ይወርዳል፣ ካርታው ቀለም ይለብሳል።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ቁጥር ሲነገረው ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ሥዕል ሆኖ ሲቀርብለት ግን ያምናል። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 የእንግሊዝን ንግድ በመስመርና በዓምድ ስሎ ካሳተመ ወዲህ የዚህ ጥበብ ኃይሉም አደጋውም ይኸው ነው፤ ዓይን ፈጥኖ ይረዳል፣ ፈጥኖም ይፈርዳል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በዛሬው አናሊቲክስ አንድ ጉብኝት «ትኩረት የተሰጠው» የሚባለው ከአሥር ሰከንድ በላይ ሲቆይ፣ ወይም ሁለት ገጾች ሲታዩበት፣ ወይም ባለቤቱ ቁልፍ ብሎ የሰየመው ድርጊት ሲፈጸምበት ነው። አሥሩን ሰከንድ እስከ ስድሳ ማሳደግ ይቻላል፤ ከአሥር በታች ማውረድ ግን አይቻልም። እንግዲህ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያለው ቅኔ ነው። አንድ አንባቢ በሰባት ሰከንድ አንብቦት፣ ገጹን ዘግቶ፣ ወርቁን ሲፈልግ ቢያድር በግራፉ ላይ ትኩረት ያልሰጠ መንገደኛ ሆኖ ይመዘገባል። ገጹን ከፊቱ ከፍቶ በስልክ ሲያወጋ የቆየው ግን እንደ ትጉህ አንባቢ ይቆጠርለታል። ይህን ያላወቀ አዘጋጅ ዓምዶቹን አይቶ «አንባቢ ግጥም አይወድም» ቢል መሣሪያው ዋሸው ማለት አይቻልም፤ ያልተጠየቀውን ጥያቄ አልመለሰም እንጂ።

ካርታውም እንዲሁ ነው። አገር የሚለየው ጎብኚው ከገባበት የኢንተርኔት አድራሻ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለወራት ሲገደቡ ብዙ ሰው በቪፒኤን ተጠቅሟል። ቪፒኤኑ በኔዘርላንድ በኩል ከወጣ፣ ፒያሳ ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው በካርታው ላይ የአምስተርዳም ነዋሪ ነው። «አንባቢዎቼ ከአገር ወጥተዋል፤ ናፍቆታቸውን ልጻፍላቸው» ብሎ ብዕሩን ያዞረ ጸሐፊ ቢኖር፣ ከደጁ ያለውን አንባቢ ትቶ በካርታ ላይ ብቻ ላለ ሰው ይጽፋል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ መቁጠሪያው ከቶ የማያያቸው አሉ። ጽሑፉ ተገልብጦ በቴሌግራም ሲዞር፣ በወረቀት ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቤተሰቡ ሲያነበው የሚቆጥር የለም። በእኛ ዘንድ ደግሞ አንድ አንብቦ ለብዙ ማሰማት የቆየ ልማድ ነው።

ታዲያ መፍትሔው መቁጠርን መተው ነው? አይደለም። በግራፉ ላይ ከዓመታት በፊት የተጻፈ መጣጥፍ ዛሬም ሲነበብ ማየት ይቻላል፤ ያ እውነተኛ ዕውቀት ነው። በረጅም ጽሑፍ ላይም ከቆይታ ይልቅ ስንቱ እስከ ገጹ 90 በመቶ ድረስ እንደወረደ መመልከት የተሻለ ነገር ይናገራል፤ አናሊቲክስ ይህንንም ይመዘግባልና። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ከየግራፉ ሥር፣ ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥርና ምን እንደማይቆጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ግራፍ መሥሪያው ለጽሑፍም ቦታ አለው። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያቃተው አዘጋጅ ግራፉን አልተረዳውምና በእሱ ተመርቶ አንድም ግጥም ከገጹ ባያወርድ እመርጣለሁ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ሁሉ የምለው ለቁጥር ካለኝ ጥላቻ አይደለም። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ግራፉ ሳይታወቀን አርታኢያችን እንዳይሆን። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው አጭሩ፣ ዝምተኛውና አሥር ሰከንድ የማይሞላው ጽሑፍ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?