መሣሪያዎቻችንን በሰፈራችን እናስቀምጥ

በአዲስ አበባ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየሞች ሌሊቱን ኮድ ስትጽፉ የምታድሩ ልጆች፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

ኪውት (Qt) የተባለውን የፕሮግራም መሥሪያ ለመጫን የሞከረ ያችን የመግቢያ ገጽ ያውቃታል። ኢሜይልና ፓስወርድ ካልሞላችሁ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ እንደደበዘዘ ይቀራል። ቪኤልሲና ኪውጂአይኤስ የተሠሩበት የዚህ መሣሪያ ኮድ ክፍት ነው፤ ፈቃዱም አባዝታችሁ ለሌላው እንድትሰጡ ይፈቅዳል። የኪውት ኩባንያ ግን እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ በኢንስታለሩ ለሚጭን ሁሉ አካውንትን ግዴታ አደረገ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የፕሮግራም ጥቅሎችን የሚያከፋፍለው ዶከር አካውንት የሌለውን ተጠቃሚ በየስድስት ሰዓቱ በ100 ማውረድ ገደበው። ቆጠራው ደግሞ በሰው ሳይሆን በኢንተርኔት አድራሻ ነው። አንድ ዋይፋይ ለሚጋራ ቢሮ ወይም ላብራቶሪ ኮታው የሁሉም ነው፤ ቀድሞ የገባ ይጨርሰዋል።

«ኢሜይል ብቻ አይደል እንዴ?» የሚሉ አሉ። አይደለም! አካውንት የሰጠ አካል መንሳትም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኮድ ማከማቻው ጊትሃብ የአሜሪካን ማዕቀብ ጠቅሶ በኢራንና በሶርያ ያሉ ዴቨሎፐሮችን ሲገድብ፣ የግል ኮዳቸው ሳይቀር ተቆልፎባቸዋል። ጥፋታቸው የሚኖሩበት አገር ነበር። እኛም ብንሆን በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦብን ያውቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «መጀመሪያ ግባ» የሚል ኢንስታለር ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ቢኖርም አይሠራላችሁም።

ስለዚህ እንነሣ። በየብሎኩ ለጋራ ማከማቻ የሚሆን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይገኝ፤ ለሃርድ ዲስኩ እንደ ዕቁብ እናዋጣ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ኪውትን ጨምሮ ብዙ ሺህ ፕሮግራሞችን ያለ አካውንት ይሰጣሉ። ሁሉንም መገልበጥ አያስፈልግም፤ የምንሠራባቸውን እናውርድ፤ የፓይተንና የጃቫስክሪፕት ፓኬጆችንም እንጨምር። ፊርማቸውን ሳታረጋግጡ ግን ለማንም አታካፍሉ፤ የተበከለ ፋይል ከተዘጋ በር የባሰ ጉዳት አለው።

ከሰፈር የሚያልፈውንም እንጠይቅ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዘመቻ ጀምሯል። ሠልጣኞቹ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የሚያገናኘው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ የእነዚህን ፕሮግራሞች ቅጂዎች በአገር ውስጥ ሰርቨር ለሁሉም ክፍት ያድርግልን፤ ተማሪዎች ይህንን ጥያቄ ፈርማችሁ ለየዲፓርትመንታችሁ አስገቡ። ኩባንያዎቹም ኢንስታለራቸው ያለ አካውንት እንዲሠራ በስማችን፣ ከአዲስ አበባ መሆናችንን ገልጸን እንጻፍላቸው።

ቡልቡላ ውስጥ በዚህ ሳምንት ማውረድ ይጀመር። ሌሊት ኔት ሲፈጥን ኮምፒውተራችሁን ሳታጠፉ ተኙ፤ ጠዋት ያወረዳችሁትን ለጎረቤት በፍላሽ አድርሱ።