የፍቅር እንግሊዝኛና የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ

የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተለያየ ሆኖ በፍቅር የተገናኙ ባልና ሚስት ዛሬ በከተሞቻችን ብርቅ አይደሉም። እኛም ይህን እንደ በረከት እንጂ እንደ ጉዳት አንቈጥረውም። ሙግታችን ከጋብቻው ጋር ሳይሆን፥ «እኛን ያግባባን እንግሊዝኛ ነውና ልጃችንም ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ይማር» ከሚለው አሳብ ጋር ነው።

የአሳቡ ሥር የት እንደ ሆነ አይሰወርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ፥ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እየተሰጠ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። እንግዲህ በአፋን ኦሮሞ የተማረ የጅማ ልጅና በአማርኛ የተማረች የጎንደር ልጅ በዩኒቨርሲቲ ተገናኙ እንበል። እርሱ አማርኛው እንዳይሰናከልበት ያፍራል፤ እርስዋ አፋን ኦሮሞ ከነጭራሹ አታውቅም። ስለዚህ ሁለቱም እኩል በሚኮላተፉበት ቋንቋ ይጻጻፋሉ። እንግሊዝኛን ያስወደዳቸው ይህ እኩልነት ነውና አንፈርድባቸውም።

ነገር ግን የፍቅር እንግሊዝኛ ስንት ነው? ሁለት መቶ ቃል ከሞላ ብዙ ነው። የጐደለውን ዐይን ይሞላዋል፤ የተሳሳተውን ፈገግታ ያርመዋል፤ ግሡ ከጊዜው ስለ ተፋለሰ የተቀየመ ፍቅረኛም እስከ ዛሬ አላየንም። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን የኒውተንን ሕግና የዕፀዋትን ምግብ አዘገጃጀት ሊረዳበት ይገባል፤ ፈተናም ይቅር ባይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ነው ለማለት አንደፍርም፤ የመምህሩም፥ የመጽሐፉም፥ የወረርሽኙና የጦርነቱም ነገር አለበት። ሆኖም ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ መልሱን ከወዴት ያመጣዋል?

የባሰው በቤት ውስጥ ያለው ነው። ልጅ ሲወለድ «የማን ቋንቋ ይቅደም?» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ባልና ሚስቱም እንዳይቀያየሙ እንግሊዝኛን በመካከላቸው ሽማግሌ አድርገው ያስቀምጡታል። ሽማግሌው ግን አስታርቆ አልሄደም፤ ቤቱን ወረሰ። የጅማዋ አያት ለጥየቃ ስትመጣ ልጁ «አካም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታ ለመስጠት አይችልም፤ የጎንደሯም አያት ተረት ብትጀምርለት ግማሹ ያመልጠዋል። ሁለቱ አሮጊቶች ልጁን ስመው፥ ቡናቸውን ጠጥተው፥ ዝም ብለው ይመለሳሉ።

«ሥራውም፥ የውጭ አገር የትምህርት ዕድሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቻችንን ወደ ኋላ አትጐትቱ» የሚሉን አሉ። እኛም በመሥሪያ ቤታችን በእንግሊዝኛ ከሚመጣ ደብዳቤ ጋር መዝገበ ቃላት ይዘን የምንታገል ነንና ጥቅሙን አንክድም። የምንለው ንባብንና ስሌትን በሚሰማው ቋንቋ ያልጨበጠ ሕፃን በማይሰማው ቋንቋ ሲማር ሸምዳጅ እንጂ አስተዋይ አይሆንም ነው።

ደግሞስ ፍቅር ቋንቋን ለማስተማር ያለው ኃይል ለምን ለባዕዱ ብቻ ይውላል? በፍቅር ዘመናቸው እንግሊዝኛ ለመጻጻፍ ሌሊቱን ያነጉ የነበሩ ሰዎች፥ ከዐሥር ዓመት ጋብቻ በኋላ እርስዋ አማትዋን ያለ አስተርጓሚ ማነጋገር፥ እርሱም የሚስቱን ዘመዶች ቀልድ ሰምቶ መሳቅ ቢያቅታቸው፥ ጊዜ አጣን ቢሉ ማን ይቀበላቸዋል?

አባት ለልጁ በአፋን ኦሮሞ፥ እናትም በአማርኛ ይናገሩ፤ ቁቤውንም ፊደሉንም ያስቈጥሩት። እንግሊዝኛውን ለመምህሩ ይተዉለት። መምህሩ ራሱ በቋንቋው የሚንገዳገድ ከሆነም፥ ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚያወጡትን ያህል ትጋት አውጥተው በወላጆች ስብሰባ ላይ ይነሡና፥ መምህራን የሚሠለጥኑት መቼና በማን እንደ ሆነ ይጠይቁ።