«ስንተኛ ክፍል ነው?»

አዲስ አበባ ውስጥ ወላጅና የሒሳብ አስጠኚ ሲደዋወሉ ዋጋ የሚቆረጠው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው? አራተኛ ከሆነ በርካሽ፣ አሥራ ሁለተኛ ከሆነ በውድ። ሁለቱን የሚያገናኘው ደላላም ቢሆን ወርኃዊ ክፍያውን የሚደረድረው በክፍል ነው። ነገሩ ከመለመዱ የተነሳ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለእኔ ግን ይህ አከፋፈል፣ በተለይ ሒሳብ ላይ ሲሆን፣ የተገለበጠ ነው።

የአምስተኛ ክፍል ልጅ 1/2 እና 1/3 ደምር ሲባል ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/5 ብሎ ይጽፋል እንበል። መልሱ 5/6 መሆኑን ሠርቶ ማሳየት የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያንሳል ብሎ ልጁ ራሱ እንዲገረም ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወረቀት ማጠፍን፣ ልጁ እስኪያስብ ዝም ብሎ መጠበቅን፣ ከሁሉም በላይ በምን መንገድ እንደተሳሳተ መገመትን ይጠይቃል። ከሙያው ከባዱ ክፍል ይኸው ሆኖ ሳለ በርካሽ የሚሸጠውም ይኸው ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው መምህር ወደ ላይኛው ክፍል ይሄዳል፤ የታችኛው ለኪስ ገንዘብ ለሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይቀራል። እሱም (አይፈረድበትም) የቤት ሥራውን አሠርቶ ይወጣል። ያ ስህተት ከዓመታት በኋላ በቁጥር ፈንታ ፊደል ለብሶ አልጀብራ ውስጥ ብቅ ይላል፤ በውድ የተቀጠረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አስጠኚም ግማሽ ሰዓቱን የአምስተኛን ክፍል ሲያስተምር ያልፋል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ውጤቱ የትምህርቶቹ ሁሉ ድምር ስለሆነ ሒሳብን ለይቶ አይከስም። ወላጅን ግን ያስደነግጣል፣ ድንጋጤውም ገንዘቡን ወደ መጨረሻው ዓመት ይገፋዋል።

ካልኩለስ የሚያስጠና ሰው የበለጠ ዕውቀትና ዝግጅት ያስፈልገዋል የሚል ክርክር ይነሳል። እውነት አለው፤ እንግዲያው ዝግጅቱ በሰዓት ተቆጥሮ ይከፈልበት። ለሁለት ሰዓት ጥናት ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣው ሰው መንገዱም ይታሰብለት፤ ታክሲው የአራተኛ ክፍል ነው ብሎ ቅናሽ አያደርግም። የልጆቹ ቁጥርም ይግባ፤ ለአንድ ልጅ ተዋውሎ ታናሹንም «እግረ መንገድህን» ማስጠናት በየቤቱ ያለ ነገር ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የአቅም ነው፦ የታችኛው ክፍል ዋጋ ከተወደደ ደመወዝተኛ ወላጅ ከየት ያመጣል? ግን ያው ወላጅ አሁን በሳምንት አምስት ቀን የቤት ሥራ ለሚያሠራ ሰው እየከፈለ ነው። በዚያው ብር ጥሩ መምህር ሁለት ቀን ቢመጣለት፣ ወይም ተመሳሳይ ክፍተት ያለባቸው ሁለት ሦስት የጎረቤት ልጆች አብረው ቢያጠኑና ወላጆቻቸው ቢካፈሉት፣ ወጪው ላይጨምር ይችላል። ለዚህ ግን ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ደብተሩ መታየት አለበት፤ ልጁ የቱ ጋ እንደሚሳሳት ለማወቅ የሚጠፋው የመጀመሪያው ቀንም «መተዋወቂያ ነው» ተብሎ በነፃ ሳይታለፍ ከሒሳቡ ጋር ይደመር።