ውልን ማፍረስና ከውል መውጣት



በእንግሊዝ አገር በሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ለሞባይል ኢንተርኔት የ24 ወር ውል የገባ ሰው ሥራው ቢቀርበት፣ ከተማ ቢለውጥ ወይም ወርኃዊ ክፍያው ቢከብደው ጊዜው ሳይደርስ ከውሉ መውጣት ይችላልን? አንዳንዱ ደግሞ ሳይጠይቅ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። «ኩባንያው የሙስሊም አይደለም፤ ገንዘብም ሞልቶታል። ባንኩ እንዳይከፍል አዞ ዝም ማለት ነው» ይላል። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

በአገር ቤት ላለው አንባቢያችን ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው ቀድሞ ከፍሎ የቀን፣ የሳምንት ወይም የወር ጥቅል ይገዛል፤ ሲያልቅበት ሌላ ይገዛል፤ ባይገዛም ማንም አይጠይቀውም። በእንግሊዝም ይህ መንገድ አለ። ነገር ግን ብዙዎች በውል ይገባሉ። ኩባንያው ውድ የሆነውን ስልክ ወይም ራውተር አስቀድሞ በእጃቸው ይሰጥና ዋጋውን ከአገልግሎቱ ጋር አዳብሎ በየወሩ ይቀበላል። ደንበኛው በስድስተኛው ወር «ልሂድ» ቢል ቀሪውን የሚጠይቀው አንድም ስለዚህ ነው።

«የሙስሊም አይደለም» የሚለው ሰበብ ከኢስላም እንዳልመጣ እርግጠኞች ነን። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኼራ ሲሄዱ የጦር ጥሩራቸው ለ30 ሷዕ ገብስ መያዣ ሆኖ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ ተቀምጦ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ከመካ ሲሰደዱም የመካ ሰዎች እርሳቸው ዘንድ በአደራ ያስቀመጡትን ንብረት ለባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ አስቀርተዋል፤ ያውም ከተማይቱ ልትገድላቸው በዶለተችበት ሌሊት። የሱረቱል ማኢዳ የመጀመሪያው አንቀጽ ምእመናን ውላቸውን እንዲፈጽሙ ሲያዝም የተዋዋዩን ሃይማኖት አልለየም።

ይህ ሲባል ግን ውል የገባ ሰው በሩ ተቆልፎበታል ማለት አይደለም። ሻጭና ገዢ ከተገናኙበት ስፍራ እስኪለያዩ ድረስ የመመለስ ምርጫ፣ ኺያር፣ እንዳላቸው በሐዲስ ተረጋግጧል። በንግድ ይታለል ለነበረ አንድ ሰሓባም የሦስት ቀን ምርጫ ተሰጥቶታል። ከተለያዩ በኋላ ደግሞ ኢቃላ አለ፤ ይኸውም አንዱ ወገን ተጸጽቶ ሲለምን ሌላው ውሉን በፈቃዱ የሚያነሳበት ነው። ይህን ላደረገ ሰው አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ታላቅ ምንዳ ተነግሮለታል። ልብ በሉ፦ ኢቃላ የሚለመን እንጂ የሚነጠቅ አይደለም።

የስልክ አገልግሎት ፉቀሃዎች ኢጃራ ከሚሉት የኪራይና የቅጥር ውል ጋር ይቀራረባል። በዚህ ላይ ሐነፊያዎች ሰፋ ያለ አመለካከት አላቸው። ለንግድ ሱቅ ተከራይቶ የመነሻ ገንዘቡ የጠፋበት ሰው በዑዝር ውሉን ማፍረስ ይችላል ይላሉ። ሻፊዒያዎች ግን የሚከራየው ጥቅም ራሱ እስካልተበላሸ ድረስ የተከራዩ ችግር ውሉን አያፈርሰውም ባዮች ናቸው። በአገራችን የሁለቱም መዝሀብ ተከታዮች ስላሉ፣ ሥራ ያጣ ሰው ሁለት ሸይኾችን ጠይቆ ሁለት መልስ ቢያገኝ አይደነቅ። ሁለቱም ቢሆኑ ግን «ደብቀህ ጥፋ» አይሉትም።

የእንግሊዝ ሕግም የራሱ በሮች አሉት። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገባ ውል በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ሊሰረዝ ይችላል፤ አገልግሎቱን እንዲጀምሩለት ጠይቆ የተጠቀመበት ይከፈላል፣ ዕቃውም ይመለሳል። ሱቅ ገብቶ የፈረመ ሰው ግን ይህ መብት በሕግ አይጠበቅለትም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው በውሉ ያልነበረ የዋጋ ጭማሪ ካመጣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅና ደንበኛውን ያለ ቅጣት ማሰናበት አለበት። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ወዲህ በተገቡ ውሎች ደግሞ ወደፊት የሚጨመረው ዋጋ ገና ሲፈረም በፓውንድና በፔንስ ተጽፎ መታየት ይኖርበታል። ለመውጣት ስንት እንደሚያስከፍል ማወቅ የፈለገ ሰው «ኢንፎ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ከዚያው ስልክ ወደ 85075 ቢልክ ኩባንያው ይነግረዋል። ቁጥሩን ይዞ መሄድ ከፈለገም ፒ፣ ኤ፣ ሲ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ወደ 65075 ይልካል። ከሁሉ በፊት ግን ደውሎ ችግርን መናገር ይሻላል፤ ርካሽ ወደሆነ ጥቅል የሚያወርዱ ኩባንያዎች አሉ።

የመውጫው ክፍያ ራሱ ሪባ አይደለምን የሚሉ አሉ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባዔ በውል ውስጥ የሚገባ የካሳ ሸርጥ እንደሚፈቀድ፣ ዕዳ ለዘገየበት ተብሎ የሚጨመር ገንዘብ ግን ግልጽ ሪባ እንደሆነ ወስኗል። እንግዲህ ቀድሞ ለመውጣት የሚከፈለውና ለዘገየ ሂሳብ የሚጨመረው አንድ አይደሉም። በእኛ አስተያየት ከሁለተኛው መሸሽ የሚፈልግ ሰው ሂሳብ ማስቆየት የለበትም።

እጅግ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። አዲስ የመጣ ስደተኛ በአገሩ የብድር ታሪክ ስለሌለው ኩባንያዎቹ ውል ሊከለክሉት ይችላሉ። ስለዚህ የአጎቱ ልጅ ወይም የመስጊድ ወንድሙ በራሱ ስም ይፈርምለታል። ስልኩን የሚይዘው አንዱ፣ ዕዳውን የሚሸከመው ሌላው ነው። ወራት ያልፋሉ፤ እንግዳው ሌላ ከተማ ሥራ ያገኛል፤ መጀመሪያ ገንዘቡ ይዘገያል፣ ቀጥሎም ስልኩ አይነሳም። ፈራሚው ከባንኩ ክፍያውን ቢያስቆምም ውሉ አልተሰረዘም። ኩባንያው የሚያውቀው እርሱን ብቻ ነውና ሂሳቡ ዕዳ ሰብሳቢ ዘንድ ይደርሳል፤ ያልተከፈለ ተብሎ የተመዘገበ ዕዳም በብድር መዝገቡ ላይ ለ6 ዓመት ይቆያል። ቤት ሊከራይ በሄደ ቁጥር ይህ ይጠቀስበታል። ሚስቱና ልጆቹ ይህን ዕዳ አያውቁትም፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚቆዩት ግን እነርሱ ናቸው።

እንዲህ ያለው ሰው ዘመድነትን አክብሮ ዝም ማለቱ እንግዳውን አልጠቀመም። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር ሆኖ ሳለ፣ በሁለት ዘመዳሞች መካከል ግን ወረቀት ማውጣት እንደ ስድብ ይቆጠራል። የፈረመ ሰው ዛሬውኑ ለኩባንያው ደውሎ የመውጫውን ክፍያ ይጠይቅ፤ ውሉ በተጠቃሚው ስም ሊዛወር የሚችል ከሆነም ያንን ያስቀድም። ከዚያም ሁለት ሽማግሌ ይዞ ዘመዱን ያግኘው። ያ ዘመድ በእውነት የሌለው ከሆነ ፋታ ይስጠው፤ እያለው የሚያጉላላ ከሆነ ግን ይህ በደል እንደሆነ በሽማግሌዎቹ ፊት ይነገረው። ስልኩንም ይመልስ፤ ተሸጦ ከሂሳቡ ላይ ይቀነሳል።

ወላሁ አዕለም።