ጨዋታ፦ «ሹፌሩ ይመርመር» ሲባል

አሠሪ ሠራተኛውን ዕፅ ወይም መጠጥ ወስዷል ብሎ ማስመርመር ይችላል፤ ሥልጣኑ ግን ልክ አለው። ልኩን በዋናነት ያስቀመጠው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አርባ ምንጭ ላይ ነገሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ከሲቀላ ሙዝ ጭኖ ሌሊቱን ወደ አዲስ አበባ የሚነዳው የአይሱዙ ሹፌር ነው።

ወዳጅ፦ «ጫት የቃመ ሹፌር ይባረራል?»

ጫት በኢትዮጵያ በሕግ የተከለከለ ዕፅ አይደለም። የአዋጁ አንቀጽ 14 የሚከለክለው በሕግ የተከለከለ ዕፅ መጠቀምን፣ እንዲሁም ጠጥቶ በሥራ ቦታ አካልንና አእምሮን ማወክን ነው። ቅዳሜ ማታ እቤቱ የዶርዜ አረቄ ቀምሶ ሰኞ በደህና ሥራ የገባ ሰው በዚህ አይጠየቅም። ሆኖም ሠራተኛ ሁልጊዜ በአካልም በአእምሮም ብቁ ሆኖ ሥራ የመገኘት ግዴታ አለበት። ምርቃናው ወርዶ መሪ ላይ ዓይኑ የሚከደንበት ሹፌር ይህን ግዴታ አልተወጣም።

ወዳጅ፦ «አለቃው ተነሥቶ ‹ሁላችሁም ሽንት ስጡ› ቢልስ?»

ሠራተኛ መመርመር ያለበት ሕግ ሲያዝ ወይም አሠሪው በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው። አዋጁ ምክንያቶቹን አልዘረዘረም። የአረቄ ሽታ፣ መንገዳገድ፣ በጨንቻ ጠመዝማዛ ላይ የደረሰ ግጭት በምክንያትነት ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ቂም ግን ምክንያት አይሆንም። የኤችአይቪ ምርመራን ሠራተኛው እምቢ ቢል አያስጠይቀውም።

ወዳጅ፦ «እምቢ ካለ ይገደዳል?»

አይገደድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 20 ሰው የሕክምና ምርመራን እምቢ የማለት መብት ሰጥቶታል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 ሰውነቱ እንዳይበረበር ይጠብቀዋል። እምቢታው ግን መዘዝ አለው። በቂ ምክንያት እያለ አልመረመርም ማለት ራሱ ያለማስጠንቀቂያ ያሰናብታል። ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰም፣ ምርመራው ለአካል ከባድ አደጋ የሌለው ከሆነ ዳኛው በቁጥር 22 መሠረት ሊጣራ የነበረውን ነገር እንደተረጋገጠ ሊቆጥረው ይችላል። አሠሪውም የስንብቱን ምክንያትና ቀን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ምክንያቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ ደግሞ በዚያ ጥፋት ማሰናበት አይችልም።

ወዳጅ፦ «ውጤቱ ‹ተገኝቶበታል› ቢልስ?»

የካናቢስ ምልክት ሽንት ውስጥ ለቀናት፣ አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ደግሞ ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ወረቀቱ ሹፌሩ ከዚህ ቀደም መውሰዱን እንጂ ሲነዳ ደንዝዞ እንደነበር አያሳይም፤ የሰው እንጀራ የሚቆረጥበት ውሳኔ በዚህ ብቻ መቆም የለበትም። ውጤቱ የጤና መረጃ በመሆኑም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ያደርግለታል፤ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፣ ለባልደረቦቹም አይነገርም።