ለብስክሌተኛው ሳምንት ዝግታ ጎድሎታል

ከሥራ በፊትና በኋላ ጊዜ እየሰረቀ በሳምንት ስድስት ሰባት ሰዓት ብስክሌት የሚነዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የልምምዱን ጥቅም የሚለካው በድካሙ ነው። ላብ ካላጠመቀው፣ እግሩ ካልዛለ የዕለቱን ልምምድ ከቁጥር አያስገባውም። ስለዚህ የማክሰኞውን ፍጥነት ረቡዕ ይደግመዋል፤ ሐሙስ ጓደኛ ከተቀላቀለው ይጨምርበታል፤ እሑድ ረጅሙን መንገድ የሚጀምረው በዛለ እግር ነው። እኔ እንደማምነው የዚህ ሰው ሳምንት የጎደለው ትጋት ሳይሆን ዝግታ ነው። ዘወትር በመካከለኛ ጥረት የሚደረግ ልምምድ ሰውነት እንዳያገግም ያደክመዋል እንጂ የአቅሙን ጣሪያ ከፍ አያደርግለትም።

ኖርዌይ የሚሠሩት አሜሪካዊው የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪ ስቴፈን ሳይለር የቀዛፊዎችን፣ የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪዎችን፣ የብስክሌተኞችንና የሯጮችን ልምምድ ሲያጠኑ ያገኙት ነገር ተመሳሳይ ነው፤ በዓለም ደረጃ ያሉ ስፖርተኞች ከአሥር ልምምዳቸው ስምንቱን ገደማ የሚሠሩት ቀለል ባለ ጥረት ነው። ማስረጃው ከደጃችንም አይርቅም። ማልዶ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ እንጦጦ ጫካ የወጣ ሰው ስመ ጥር ሯጮቻችን ተከታትለው፣ አንዱ የሌላውን ኮቴ እየተከተለ፣ ለተመልካች በሚገርም እርጋታ ዱብ ዱብ ሲሉ ያያል። በሌላ ቀን እነዚሁ ሰዎች ሰዓት ተይዞባቸው እስከ መጨረሻው ይፋለማሉ። ምስጢሩ ጡንቻ ውስጥ ነው። ረጅምና ቀላል ልምምድ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያበዛል፤ በኦክስጅን ጉልበት የሚያመርቱትን ማይቶኮንድሪያ ይጨምራል፤ ሰውነትም ስብን ለጉልበት መጠቀምን ይለምዳል። ይህ በችኮላ አይመጣም።

አዲስ አበባ ውስጥ ቀስ ብሎ መንዳት የት ይቻላል የሚል አይጠፋም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳር በሩብ ገደማ ያንሳል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣው ዳገት ደግሞ የማንንም ልብ ያስመታል። ይህ እውነት ቢሆንም የሚደግፈው የእኔኑ ሐሳብ ነው። ሌላ አገር ቀላል የሚባለው ፍጥነት እዚህ ከባድ ስለሚሆን በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳ እያሉ መለካት ያሳስታል። የሚሻለው መለኪያ ትንፋሽ ነው። ጎኑ ካለው ጓደኛው ጋር ወሬውን ሳይቆራረጥበት መጨረስ የቻለ ሰው ልኩን ይዟል፤ በየሦስት ቃሉ አየር የሚስብ ከሆነ አልፎታል። ዳገት ሲመጣ ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ አስገብቶ ፔዳሉን ሳያስጨንቁ ማሽከርከር ነው። መሪውን ጨምድዶ ካልያዘ፣ ትከሻው ግራና ቀኝ ካልተወዛወዘ፣ ሌላው ሲቀድመው እልህ ካልያዘው በትክክል እየሠራ ነው። በቃሊቲ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው መንገድም አለ፤ ቢሾፍቱ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች ዳገቱ የሚጠብቀው በመልስ ጉዞ ነውና ጉልበት ይቆጠብ። ከባድ መኪናው ሳይበዛ በማለዳ መውጣት ግድ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ሙሉ ቀኑ ለልምምድ የሆነለት ባለሙያ ዝግታ ቢያበዛ ያምርበታል፤ ስድስት ሰዓት ብቻ ያለው ሠራተኛ ግን ጊዜውን ማባከን የለበትም ይባላል። ከፊሉ ትክክል ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው የከባዱን ድርሻ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ አጫጭር ብርቱ ልምምዶች በጥቂት ሳምንታት ለውጥ እንደሚያሳዩም የታወቀ ነው። ነገር ግን ባለሙያው ከልምምድ መልስ በልቶ ይተኛል። ሠራተኛው ቢሮ ይገባል፣ ታክሲ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ማታ ልጅ ያስተኛል። ለማገገም ያለው ጊዜ እንዲህ አጥሮ ሳለ በየቀኑ ራሱን የሚያደቅበት ምክንያት አይታየኝም። በሳምንት ሁለት ከባድ ቀን ይበቃዋል፤ በእነዚያ ቀናት ግን ለራሱ አይራራ። ዳገት ላይ አራት ደቂቃ በብርቱ፣ ሦስት ደቂቃ በቀስታ፣ ይህንኑ አራት ጊዜ መደጋገም በቂ ሥራ ነው።

የቀኖቹ ምርጫም ከኑሯችን ጋር ይሂድ። ረቡዕና ዓርብ እህል ውሃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ጿሚ ከባዱን ልምምድ እዚያ ላይ መጫን የለበትም። ማክሰኞና ቅዳሜ ይፋለም፤ ረቡዕ አጭርና ቀላል ይሁን፤ ዓርብ ይረፍ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ረጅሙን በዝግታ ይንዳ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከባዱ ወደ አንድ ቀን ቢወርድ የሚጎዳ ነገር የለም። በረመዳን የሚጾመውም ከባዱን ከኢፍጣር በኋላ ያድርገው።

በየሰፈሩ ቡድን አቋቁማችሁ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም ከፊት የምትመሩ፣ አንዱን ቀን በግልጽ የዝግታ ቀን ብላችሁ ሰይሙት። በዚያ ቀን ማንም መሪውን አይቅደም። ከኋላ የቀረውን ጀማሪም ጠብቁት።